ናፍቆት በባሮሜትር ይለካልን?

ከሀገሩ ርቆ የሄደ ሰው ሲከሳና ሲጠቁር፣ ከምግብና ከእንቅልፍ ሲለይ፣ በሀገራችን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት አጭር ነው፤ «አየሩ አልተስማማውም» ይባላል። ይህ አባባል ከደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ወርዶ ለከረመ ገበሬም ሆነ ከይፋት ተነሥቶ አውሮፓ ለገባ ተማሪ እኩል ያገለግላል። አባባሉ የዘልማድ ይምሰል እንጂ፣ ከ300 ዓመታት በፊት የነበሩ የአውሮፓ ሊቃውንት ይህንኑ ሐሳብ በሳይንስነት አስተምረውት ነበር። በዚህ ጽሑፍ፣ ከዚሁ ከአየሩ ጉዳይ ተነሥተን፣ ናፍቆት ምን እንደሆነና ከሀገር ርቆ የሚኖር ሰው አዲስ ወዳጅ የሚያፈራበት መንገድ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት እንሞክራለን።

እ.ኤ.አ. በ1688 ዮሐንስ ሆፈር የተባለ የ19 ዓመት ወጣት፣ በባዝል ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የሕክምና መመረቂያ ጽሑፍ፣ እስከዚያ ድረስ የሙያ ስም ላልነበረው ለአንድ ሕመም ስም አወጣለት። «ኖስቶስ» (ወደ ቤት መመለስ) እና «አልጎስ» (ሕመም) የሚሉትን ሁለት የግሪክ ቃላት ገጥሞ «ኖስታልጂያ» አለው። ዛሬ ይህ ቃል ያለፈን ጊዜ በትዝታ ማሰብ ማለት ሆኗል፤ ሆፈር ግን የሚናገረው ስለ በሽታ ነበር። ከጠቀሳቸው ሕሙማን አንዱ ከበርን ወደ ባዝል ለትምህርት የመጣ ተማሪ ነው። ይህ ተማሪ ከተኛበት ተነሥቶ ወደ ሀገሩ ይመለስ ተብሎ ጉዞ ሲጀምር፣ ገና ቤቱ ሳይደርስ መሻል እንደ ጀመረው ሆፈር ጽፏል። በበርንና በባዝል መካከል ያለው ርቀት ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን ያለውን እንደማያህል አንባቢ ልብ ይበል። ለመናፈቅ ባሕር መሻገር አያስፈልግም ማለት ነው።

ከሆፈር በኋላ የመጣው የዙሪኩ ሊቅ ዮሐን ያኮብ ሾይክሰር ግን ስም በማውጣት ብቻ አልረካም። ይህ ሕመም የስዊስን ሰዎች ለምን እንዲህ ይበረታባቸዋል ብሎ ጠየቀ። በዚያ ዘመን ብዙ የስዊስ ወጣቶች በፈረንሳይና በሌሎችም ሀገሮች በቅጥር ወታደርነት ያገለግሉ ስለነበር፣ የሕመሙ ወሬ የሚበዛው በእነርሱ ዘንድ ነበር። ቶሪቼሊ እ.ኤ.አ. በ1643 ባሮሜትርን ከሠራ፣ የፓስካል አማችም መሣሪያውን ይዞ ተራራ ላይ በመውጣት ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት እንደሚቀንስ ካሳየ (1648 እ.ኤ.አ.) ገና ብዙ ዘመን አላለፈም ነበር። ሾይክሰር በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ይህን አዲስ እውቀት ይዞ መላ ምቱን አቀረበ። የተራራ ሰዎች ከስሱ አየር ወደ ቆላው ከባድ አየር ሲወርዱ የውጩ አየር ሰውነታቸውን ይጫነዋል፤ የደማቸው ዝውውር ይታወካል፤ ልባቸውም ይጨነቃል አለ። መድኃኒቱ ወደ ሀገራቸው መመለስ ነው፤ ይህ ካልተቻለም ወደ ኮረብታ ወይም ወደ ከፍተኛ ግንብ ማውጣት ነው።

በዚህ መሳቅ ይቀላል። ነገር ግን ሾይክሰር ያቀረበው መላ ምት የሚለካና የሚፈተን ነበር፤ ለአንድ መላ ምት ከዚህ የበለጠ ክብር የለም።

እኛ የደብረ ሲና ልጆች ደግሞ ለፈተናው ቤተ ሙከራ አያስፈልገንም። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ፣ ጭላዳዎች በሚግጡበት በጣርማ በር፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ በዋሻው ሾልኮ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። ደብረ ሲና ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ከዚያ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብላ የምትገኘው ሸዋ ሮቢት ግን 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጠዋት ጋቢ ለብሶ በጉም ውስጥ የተሳፈረ መንገደኛ፣ ማሽላና ቀይ ሽንኩርት ከሚበቅልበት ቆላ ሲደርስ ጋቢውን አጥፎ በጉያው ይይዛል። በመደበኛው የከባቢ አየር ቀመር ብናሰላው፣ የደብረ ሲና የአየር ግፊት 73 ኪሎ ፓስካል ገደማ፣ የሸዋ ሮቢት ደግሞ 87 ኪሎ ፓስካል ገደማ ይሆናል። የ14 ኪሎ ፓስካል ልዩነት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ከ1,400 ኪሎ ግራም በላይ እንደ መጫን ነው። በ1,500 ሜትር ከፍታ ላይ ከሚገኝ የስዊስ መንደር ወደ ባዝል የሚወርድ ሰው የሚገጥመው ልዩነትም ይህንኑ ያህል ነው።

እንግዲህ የሾይክሰር መላ ምት እውነት ቢሆን ኖሮ፣ የደብረ ሲና ነጋዴ በሮቢት ገበያ ቀን ሁሉ በናፍቆት በወደቀ ነበር። ነጋዴው ግን ሽንኩርቱን አስጭኖ፣ ከሾፌሩ ጋር በዋጋ እየተከራከረ ማታውን ቤቱ ይገባል። በአንጻሩ ከይፋት ቆላ ተነሥቶ ደብረ ብርሃን ለትምህርት የወጣ ልጅ ግፊቱ ቀንሶለት ሳለ ይናፍቃል። መላ ምቱ ሲወርድም ሲወጣም ወደቀ ማለት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የውጩ ግፊት በሚጨምርበት ጊዜ በሳንባችንና በሰውነታችን ፈሳሾች ውስጥ ያለው ግፊትም አብሮ ስለሚጨምር፣ በጆሯችን ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ከሚሰማን መደፈን በቀር የሚጫነን ነገር የለም።

ይሁን እንጂ ከደጋ ወደ ይፋት ቆላ ወርዶ ያደረ ሰው በእርግጥ ይታመም ነበር፤ አባቶቻችን ቆላ ማደርን የፈሩት ያለ ምክንያት አይደለም። የሚታመመው በወባ ነው። በአውሮፓም የወባ ስም «መጥፎ አየር» ከሚል የጣሊያንኛ ሐረግ የመጣ ሲሆን፣ ሮናልድ ሮስ እ.ኤ.አ. በ1897 የወባ ተሕዋስያንን በትንኝ ሆድ ውስጥ እስኪያገኝ ድረስ ተከሳሹ አየሩ ነበር። ይህን የምናነሳው ያለ ነገር አይደለም። ከሀገሩ የራቀ ሰው ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ይለወጥበታል፤ የትኛው ለውጥ የትኛውን ስሜት እንዳመጣ ለይቶ ማወቅ ደግሞ እንደ ወባው ትንኝ አስቸጋሪ ነው። እኛም ራሳችን በዚህ ጉዳይ ተሳስተናል።

ስድስት ሰዓት የማይሞላ ቀን

ለዶክትሬት ትምህርት ስዊድን ሀገር፣ ኡፕሳላ ከተማ የገባነው በ2001 ዓ.ም. መስከረም ነበር። የጥናታችን ርእስ ብርሃንን የሚመለከት ነበር፤ ይህም በኋላ ለራሳችን ቀልድ ሆነልን። እናታችን በሻንጣው ውስጥ በሶ፣ በርበሬና ቆሎ ጨምረውልን ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት፣ የመኖሪያ ክፍላችንን በር ዘግተን የበርበሬውን ከረጢት በፈታን ጊዜ፣ ዕንባችን ሳናስበው መጣ። በበርበሬ አመካኘን፤ በክፍሉ ውስጥ ግን የምናመካኝለት ሰው አልነበረም።

የዚህ ነገር አሠራር ዛሬ በሚገባ ይታወቃል። የምናየውና የምንሰማው መልእክት ወደ አንጎል የላይኛው ክፍል የሚሄደው ታላመስ በሚባለው መተላለፊያ በኩል ሲሆን፣ የሽታ መልእክት ግን ይህን መተላለፊያ ሳይጠብቅ ስሜትንና ትዝታን ወደሚያስተናግዱት ክፍሎች፣ ወደ አሚግዳላና ወደ ሂፖካምፐስ አካባቢ፣ በአጭር መንገድ ይደርሳል። ስለዚህ የበርበሬ ሽታ «ይህ በርበሬ ነው» ብለን ሳናስብ የእናታችንን ጓዳ ያመጣዋል። ሂፖካምፐስ የቦታ ካርታም የሚይዝ ክፍል ነው፤ ጆን ኦኪፍ እንስሳ በአንድ በተወሰነ ቦታ ላይ ሲደርስ ብቻ የሚነቁ ሕዋሳትን በዚህ ክፍል ማግኘቱን እ.ኤ.አ. በ1971 ገልጾ፣ በ2014 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኖበታል። ሀገራችንን ስንለቅ አንጎላችን ለዓመታት የሠራውን ካርታ ይዞ ይሄዳል፤ ካርታው ግን የሚገጥምበት መሬት ያጣል። ዳቦ ቤቱ የት እንደሆነ፣ ማንን ምን ብሎ ሰላም እንደሚሉ፣ የቱ ፊት ቁጣ የቱ ፊት ዝምታ እንደሆነ ሁሉ እንደ አዲስ በሐሳብ መሠራት አለበት። ይህ ድካም ነው። አዲስ ሀገር የገባ ተማሪ ቀኑን ሙሉ ምንም ሳይሠራ የሚደክመው ለዚህ ነው።

ናፍቆት የደካሞች ነገር ነው ብሎ የሚያፍር ተማሪ ካለ የሚከተለውን ይመልከት። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ክሪስቶፈር ተርበር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በእረፍት ጊዜያቸው ወደ ካምፕ የሄዱ ወንዶች ልጆችን ስሜት በየቀኑ በመጠየቅ ሲያጠና፣ ከአሥሩ ስምንቱ ያህል ቢያንስ ለአንድ ቀን ናፍቆት እንደተሰማቸው አግኝቷል። በጽኑ የተጎዱት ግን ጥቂቶች ነበሩ። ከዚህም ሌላ፣ ቀደም ሲል ለአጭር ጊዜ ከቤት ተለይቶ የሚያውቅ ልጅ የተሻለ እንደሚቋቋም ጥናቶቹ ያመለክታሉ። ክረምቱን ከአያቱ ዘንድ ሄዶ የሚከርም የገጠር ልጅ ሳያውቀው ልምምድ ያደርጋል።

ሌላም ስሕተት አለ። ሊስጋርድ የተባለ የኖርዌይ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1955 በአሜሪካ የቆዩ የሀገሩን ሰዎች አጥንቶ፣ እንግዳ ሰው በመጀመሪያ ይደሰታል፣ ከወራት በኋላ ያዝናል፣ በመጨረሻም ይለምዳል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ይህ ጎድጓዳ ሳሕን የሚመስለው ንድፍ በየመማሪያው መጽሐፍ ገብቷል። እኛ የፊዚክስ ሰዎች የሚያምር ንድፍ ስለምንወድ አመንነው። ኮሊን ዋርድና ባልደረቦቿ ግን በኒው ዚላንድ የሚማሩ የጃፓን ተማሪዎችን ከመግቢያቸው ቀን ጀምሮ ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጥናት፣ ጭንቀቱ የሚበረታው ገና እንደ ደረሱ ሆኖ አገኙት። ደስታን ጠብቆ በመጀመሪያው ሳምንት ኃዘን የሚገጥመው ተማሪ «እኔ ብቻ ነኝ የተበላሸሁት» ይላል። የተበላሸው ግን ንድፉ ነው።

ወደ ኡፕሳላ እንመለስ። መስከረም ላይ ቀንና ሌሊቱ እኩል ስለነበር እምብዛም ለውጥ አልተሰማንም። በታኅሣሥ ግን ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሲሆን፣ የምትጠልቀውም ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ነው። ቀኑ ስድስት ሰዓት አይሞላም፤ በዚያው ዕለት በደብረ ሲና 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል። እኩለ ቀን ላይ በደብረ ሲና ፀሐይ ከአድማስ ወደ 57 ዲግሪ ከፍ ስትል በኡፕሳላ 7 ዲግሪ እንኳ አትሞላም። ከባቢ አየሩና ደመናው የሚቀንሱትን ትተን የማዕዘኑን ሳይን ብቻ ብናወዳድር፣ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ የሚያርፈው ብርሃን ሰባት ጊዜ ያንሳል።

እንቅልፍ አጣን፤ ቀን ደግሞ እንቅልፍ መጣብን። አንድን አንቀጽ አምስት ጊዜ አንብበን ምንም አልገባ አለን። ሁሉንም «ናፍቆት ነው» አልነው፤ ትምህርቱን ትተን ወደ ሀገር እንደምንመለስ የሚገልጽ ደብዳቤም ጽፈን በመሳቢያ አስቀመጥን። ያን ጊዜ ያላወቅነው፣ የጠዋት ብርሃን በዓይን በኩል ገብቶ በአንጎል ውስጥ ያለውን የሰውነት ሰዓት እንደሚያስተካክል ነው። ይህ ብርሃን ሲጠፋ፣ ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀን ሜላቶኒን የሚባለው ንጥረ ነገር የሚመነጭበት ጊዜ ሊዛባ ይችላል። ኖርማን ሮዘንታልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1984 ከብርሃን ማነስ ጋር የተያያዘውን ወቅታዊ ድብርት በሳይንሳዊ ጽሑፍ ገልጸውታል፤ ስዊድናውያኑ ራሳቸውም የሚያውቁት ነገር ነው። ጠዋት ፀሐይ እንደ ወጣች፣ ብርዱም ቢሆን፣ ለግማሽ ሰዓት በእግር መሄድ ስንጀምር እንቅልፋችን ቀስ በቀስ ተመለሰ። ናፍቆቱ ግን ባለበት ነበር። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። (እንቅልፍ ማጣቱ፣ የምግብ መጥላቱና የተስፋ መቁረጡ ስሜት ለሳምንታት ከዘለቀ ግን ሐኪም ማየት ያስፈልጋል፤ የተማሪዎች ክሊኒክ የተቋቋመው ለጉንፋን ብቻ አይደለም።)

የወዳጅነት ስሌት

በቤተ ሙከራው ሕንፃ ውስጥ፣ ጠዋት 4 ሰዓትና ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ሁሉም ሥራውን ጥሎ በአንድ ክፍል ይሰበሰባል። ቡና ይጠጣል፤ ኬክ ይበላል፤ ፕሮፌሰሩና የጽዳት ሠራተኛው ባንድ ጠረጴዛ ይቀመጣሉ። ስሙ «ፊካ» ይባላል። እኛ ይህን ሥራ ፈትነት መስሎን፣ በስኮላርሽፕ ገንዘብ ተልኮ የመጣ ሰው በቀን ሁለት ጊዜ ቡና አይጠጣም ብለን፣ ለሁለት ወራት በራችንን ዘግተን ስናነብ ቆየን። በአገናኝ መንገዱ ላይ የሚያገኙንን ሁሉ ግን በትሕትና ሰላም እንል ነበር። ወዳጅ ለማፍራት ይህ የሚበቃ መስሎን ነበር።

አይበቃም፤ ሊሰላም ይችላል። ጄፍሪ ሆል የተባለ በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ተመራማሪ፣ ወደ አዲስ ከተማ የተዛወሩ ሰዎችንና አዲስ ገቢ ተማሪዎችን ጠይቆ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት፣ ትውውቅ ወደ ቀላል ጓደኝነት ለመለወጥ 50 ሰዓት ያህል፣ ጓደኛ ለመባባል 90 ሰዓት ያህል፣ የልብ ወዳጅ ለመሆን ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ አብሮ ማሳለፍ እንደሚጠይቅ ገምቷል። ቁጥሮቹ ከአሜሪካውያን የተገኙ አማካዮች ስለሆኑ እንደ ፕላንክ ቋሚ ቁጥር አይያዙ። ሆኖም መጠናቸውን ለማየት ይረዳሉ። በአገናኝ መንገድ ላይ በቀን ለሁለት ደቂቃ ሰላም የምንባባል ከሆነ፣ 50 ሰዓት ለመሙላት 1,500 ቀናት ያስፈልጋሉ። ይህ ከአራት ዓመት ይበልጣል፤ የዶክትሬት ትምህርታችን ያልቃል፣ እኛም ከቀላል ጓደኝነት ሳንደርስ ወደ ሀገር እንመለሳለን። በቀን ሁለት ጊዜ ለ15 ደቂቃ ፊካ የተቀመጠ ሰው ግን በሳምንት ሁለት ሰዓት ተኩል ያገኛል፤ በ20 ሳምንታት 50 ሰዓቱን ይሞላል።

አሁን ወደ ሀገራችን ጀበና እንምጣ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪጠጣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ጎረቤታሞች በየቀኑ የሚጠራሩ ከሆነ 200 ሰዓት ለመሙላት ሰባት ወር አይፈጅባቸውም። አዲስ ተከራይ ሰፈር በገባ በዓመቱ የቤተ ዘመድ ያህል የሚሆነው በተአምር አይደለም፤ ሰዓቱ ተሞልቶ ነው። የጽዋ ማኅበሩ፣ እድሩና እቁቡም ቢሆኑ፣ ሌላው ጥቅማቸው እንዳለ ሆኖ፣ ሰዎችን በተወሰነ ቀን ደጋግመው የሚያገናኙ መሣሪያዎች ናቸው። ሀገራችን ሳለን ወዳጅ ለማፍራት ምንም የማናደርግ የሚመስለን፣ እነዚህ መሣሪያዎች ስለ እኛ ስለሚሠሩ ነው። ውጭ ሀገር ስንሄድ የሚጠፋው ሰዎችን የመውደድ ችሎታችን ሳይሆን መሣሪያው ነው፤ ወይም ደግሞ፣ እንደ እኛ፣ መሣሪያው ከፊታችን ተቀምጦ ሳለ በስሙ ምክንያት አናውቀውም።

እኛን ያወጣን በቤተ ሙከራው የሚሠራ አንድ ሸምገል ያለ ቴክኒሻን ነው። ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ በየቀኑ 9 ሰዓት ላይ በራችንን ሁለት ጊዜ እያንኳኳ «ቡና» ብሎ ያልፍ ነበር፤ ሌላ ምንም አይናገርም። ሰውየው በእድሜ ስለሚበልጠን እንቢ ማለት ነውር መስሎን ሄድን። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አስጨናቂዎች ነበሩ፤ የሚያወሩት ስለ ጎጆ ቤት ጣሪያና ስለ እንጉዳይ ለቀማ ነው፤ ቋንቋውም ጨዋታውም አልያዝ አለን። በየካቲት አንዱ ስለ እንሽላሊት አጥምቆ፣ ይቅርታ፣ ስለ ዓሣ አጥምዶ ሲያወራ ሳቅን (ቋንቋውን እንዲህ ነበር የምንሰማው)። በሚያዝያ ከእነርሱ ጋር በእሑድ ቀን ጫካ እንወጣ ነበር። የመልቀቂያ ደብዳቤው ከመሳቢያ ሳይወጣ ቀረ። እርግጥ በሚያዝያ ቀኑም ከ15 ሰዓት በላይ ሆኗል። ሁለት ተለዋዋጮች በአንድ ጊዜ ስለተለወጡ፣ የዳንነው በፊካው ነው ወይስ በብርሃኑ ተብለን በምስክር ፊት ብንጠየቅ መማል አንችልም።

ቅርበት የሚሠራውን ሥራ የሚያሳይ ሌላ ጥናት ለዶርም ነዋሪዎች ይጠቅማል። ፌስቲንገር፣ ሻክተርና ባክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1950 ባወጡት መጽሐፍ፣ በአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. የተማሪዎች መኖሪያ ውስጥ ማን ከማን እንደሚወዳጅ መርምረዋል። የቅርብ ወዳጅነት የበዛው በር ለበር በሚጎራበቱ ሰዎች መካከል ሲሆን፣ በዚያው ፎቅ ግራና ቀኝ ጫፍ በሚኖሩት መካከል በጣም አነስተኛ ነበር። በደረጃው አጠገብ የሚኖሩ ሰዎችም ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ወዳጅ ነበራቸው፤ መንገዱ በበራቸው ስለሚያልፍ ነው። እንግዲህ ከይፋት ተነሥቶ ጅማ ወይም አርባ ምንጭ የተመደበ ተማሪ፣ ከደብረ ሲና ብርድ ወጥቶ ሰመራ ሙቀት የገባ ተማሪ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የዶርሙን በር ገርበብ አድርጎ ቢያነብ ጥሩ ነው። የመጣበትን አካባቢ ልጆች መፈለጉ ተፈጥሯዊ ነው፤ ስብራትም ይጠግናል። ሆኖም ከእነርሱ ጋር ብቻ አራት ዓመት ከዘለቀ፣ ደብረ ሲናን ተሸክሞ ሄዶ ደብረ ሲናን ተሸክሞ ይመለሳል።

ስልክም ሰዓት ይበላል። በእኛ ጊዜ በካርድ የሚደወል ስልክ ውድ ስለነበር እናታችንን የምናገኘው እሑድ እሑድ ብቻ ነበር። ዛሬ በቴሌግራምና በኢሞ ቀኑን ሙሉ ደብረ ሲና መዋል ይቻላል። ቤተ ሰብን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ የሚያጽናናም ነው። ነገር ግን እንደ እኛ አስተያየት፣ ማታ ማታ ሦስት ሰዓት በስልክ የሚያሳልፍ ተማሪ የ50 ሰዓቱን ስሌት ከየትም አምጥቶ ሊሞላው አይችልም።

ከእኛ ዘመን በጣም ቀድመው ይህን ያዩ ሰው አሉ። የአምሓራ መካነ ሥላሴ ተወላጅ የነበሩት አባ ጎርጎርዮስ በሮም፣ በቫቲካን አጠገብ በሚገኘው የቅዱስ እስጢፋኖስ የሐበሾች ቤት ይኖሩ ነበር። ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለው ጀርመናዊ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1649 እዚያ አገኛቸው። በደንብ የሚግባቡበት ቋንቋ ስላልነበራቸው፣ ለሁለቱም የአፍ መፍቻ ባልሆነው በግእዝ መነጋገር ጀመሩ። ወዳጅነታቸው የተሠራው በሥራ ላይ ነው፤ ቃል በቃል፣ ሰዋስው በሰዋስው አብረው ተቀመጡ። እ.ኤ.አ. በ1652 አባ ጎርጎርዮስ በጀርመን ጎታ ከተማ በመስፍን ኤርንስት ቤተ መንግሥት በእንግድነት ተቀብለዋቸው ከሉዶልፍ ጋር ሥራቸውን ቀጠሉ። ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1681 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክና በ1698 ያወጣቸው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት የእኒህ ሰው እጅ ያለባቸው ናቸው። አባ ጎርጎርዮስ ግን መጻሕፍቱን አላዩም፤ እ.ኤ.አ. በ1658 ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ ባሕር ላይ ቀሩ።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ በሩን መክፈት ለሚችል ሰው ነው። ከሸዋ ሮቢት፣ ከአጣዬና ከከሚሴ አካባቢ ብዙ እህቶቻችን ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ ሀገሮች ይሄዳሉ። «ከፋላ» በተባለው ሥርዓት ሠራተኛዋ ከአሠሪዋ ጋር ታስራለች፤ ፓስፖርቷ ተይዞባት፣ የእረፍት ቀን ተከልክላ፣ ከቤት ሳትወጣ የምትከርም አለች። ለእርሷ «ናፍቆትሽን አሸንፊ፣ ወዳጅ አፍሪ» ብሎ መምከር ውሃ በሌለበት ዋና እንደ ማስተማር ነው። ወዳጅነት ተደጋጋሚ ሰዓት ይፈልጋል ካልን፣ የሳምንት አንድ የእረፍት ቀን የሕግ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጤና ጉዳይም ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና በደረሰ ጊዜ በውጭ የነበሩ ልጆቻችን የተሰማቸውም ናፍቆት አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ሁለቱንም አለመረዳት ነው።

ያ ቴክኒሻን ጡረታ ከወጣ በኋላ፣ በአንድ የጥር ወር ሊጠይቀን ደብረ ሲና ድረስ መጣ። እንደ ደረሰ ከሻንጣው ቴርሞሜትር አውጥቶ እናታችን ለቡና ባፈሉት ውሃ ውስጥ ከተተው። ውሃው ይንተከተካል፤ ንባቡ ግን 91 ዲግሪ ላይ ቆመ። ከፍታው ግፊቱን፣ ግፊቱ ደግሞ የመፍያ ነጥቡን እንደሚቀንስ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሰውየው ግን በዓይኑ ሲያየው እንደ ሕፃን ተደሰተ። እናታችን ነገሩን በጥርጣሬ ሲመለከቱ ቆይተው «ልጄ፣ ውሃው አሞታል ወይ?» ብለው ጠየቁን።

በአምስተኛው ቀን ማታ፣ ጉሙ ከይፋት በኩል ሲወጣ፣ ሰውየው በደጅ ተቀምጦ ዝም አለ። ምን ሆነህ ነው ስንለው፣ በዚህ ሰዓት በሀገሩ ጨለማው በመስኮቱ ላይ ተደግፎ፣ ሻማ በርቶ፣ በረዶው ከውጭ ሲያበራ እንደሚናፍቀው ነገረን። እኛ አምልጠነው የመጣነውን ጨለማ! ለእናታችን ተረጎምንላቸው። ፊቱን አይተው፣ በረካውን ቀዱለትና «አየሩ አልተስማማውም መሰለኝ» አሉ።